የተወጠረ ሹራብ

አባቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ በስተርጅናው የተሰፋውን ሁሉ መፍታት ጀምሯል።

በሥራ ዘመኑ ቅጽል ስሙ ሚሊሜትር ነበር። ደንበኛ ያለቀለትን ሱሪ ለብሶ፣ ተደስቶ፣ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ "ቆይ፤ ግራው አንድ ሚሊሜትር ወርዷል፤ አውልቅ" ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ሙሽራ ቢሆን፣ መኪና ቆሞ እየጠበቀው ቢሆን ጉዳዩ አይደለም፤ ያወልቃል። ያ ሚሊሜትር አሁን የልጆቹን ስም ያምታታል። እኔን አንዳንድ ቀን በእህቱ ስም ይጠራኛል፤ አብዛኛውን ቀን ግን "አንቺ ልጅ" ብሎ ይገላገላል። ጣቶቹ ብቻ ምንም አልረሱም። ልቤን ያወለቁትም እነዚህ ጣቶች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከቤት ይወጣና መመለሻው ይጠፋዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በሁለተኛው ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ፈልገን፣ ከተማው ዳር ካለ የአውቶቡስ ማደሪያ አገኘነው፤ ዝናብ አብስብሶት፣ እየተንቀጠቀጠ፣ የሹፌሮቹን የደንብ ልብስ እጅጌ ሲተች። ከዚያ በሳንባ ምች ሦስት ሳምንት ተኛ። ሐኪሟ እናቴን ወደ ጥግ ወስዳ "ስልክ ቁጥር ከሰውነታቸው አይለይ። ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አይችሉም" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የበሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈን ኪሱ ውስጥ ከተትን፤ አውጥቶ አራት አጠፈና የሚወዛወዘውን ጠረጴዛ እግር ደገፈበት። የእጅ አምባር አሠራንለት፤ በመቀስ ቆረጠው። እናቴ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፋ አንገትጌው ውስጥ ሰፋችለት፤ ሳይውል ሳያድር ፈታው። "ይሄ በእጅ ነው በእግር የተሰፋው?" አለ። እናቴ እስካሁን ይቅር አላለችውም።

እኔ የጥልፍ ማሽን አለኝ። ባለ አሥራ ሁለት መርፌ ነው፤ ሱቄ ከቤታችን ሦስት በር ይርቃል፤ ቀኑን ሙሉ የሥራ ቱታ፣ ኮፍያና የትምህርት ቤት የደረት ምልክት ስጠልፍ እውላለሁ። ይህን የሚያውቀው ታላቅ ወንድሜ ስብሰባ ጠራ። ወንድሜን "ሰብሳቢው" ነው የምንለው፤ አምፖል ሲቃጠልም ስብሰባ ይጠራል። እሱ፣ እናቴና እኔ ሦስት ሆነን ተቀመጥን።

"መፍትሔው እጃችን ላይ ነው" አለ፣ የእኔን እጅ እያየ። "ቁጥሩ ይጠለፍ። ያውም ከማያወልቀው ልብስ ላይ።"

የማያወልቀው ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ ግራጫው ሹራብ። አዲስ ሹራብ አምስት ጊዜ ገዝተንለት አምስቱንም የብብታቸውን ስፌት አይቶ ወርውሯቸዋል። ግራጫውን ግን ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ካልሆነ በቀር አያወልቀውም።

"ቁጥር ብቻ ከሆነ ይፈታዋል" አለች እናቴ። "ጆንያ ነኝ ወይ የሚጻፍብኝ ነው የሚለው።"

ስለዚህ የድሮ ሱቁን ታፔላ አስመስዬ ነደፍኩት። ሰማያዊ ክብ፤ መሀሉ ላይ አፉን የከፈተ ነጭ መቀስ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ልዩነቱ ቁጥሩ የእኔ መሆኑ ብቻ ነው። ከመዳፍ በማይበልጥ ቦታ ላይ ሃያ ሁለት ሺህ ስፌት ሆነ። ሹራቡ ከሥር እንዳይታይ ብዬ ክሩን ደፋሁበት።

ጥልፍ የማያውቅ ሰው ችግሩ ሁሉ ክሩ ላይ ይመስለዋል። ችግሩ ጨርቁ ነው። መርፌ ሃያ ሁለት ሺህ ጊዜ ሲወጋው ወደ መሀል ይሸሻል፤ እንዳይሸሽ ከሥሩ ደጋፊ ይነጠፍለታል። ወረቀትም ጨርቅም የሚመስል ነገር ነው። ጥልፉ ሲያልቅ በእጅ ተቀዶ የሚወጣ አለ። ዳር ዳሩ በመቀስ ተቆርጦ መሀሉ ልብሱ ውስጥ ለዘላለም የሚቀር አለ። ውሃ ሲነካው ሟሙቶ የሚጠፋም አለ። እኔ ሥራዬ ሁሉ ጠንካራ ጨርቅ ስለሆነ እጄ የለመደው የሚቀደደውን ነው፤ ሁለት ድርብ አነጥፋለሁ፣ እጠልፋለሁ፣ ቀድጄ እጥላለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ።

መጀመሪያ የቱታ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት። አማረ። ክቡ ክብ፣ መቀሱ መቀስ ሆነ። አሁን፣ ሌላ ሰው መጥቶ "ቱታ ላይ የሞከርኩትን ሹራብ ላይ ልጥለፈው ወይ?" ቢለኝ ቆሜ እመክረው ነበር፤ ሹራብ ይለጠጣል፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይወዳደርም፣ ብዬ። ለራሴ ግን ማን ይንገረኝ?

እናቴ አባቴን መታጠቢያ ቤት አስገብታ ሹራቡን በበሩ ቀዳዳ አሾለከችልኝ። "ጸጉሩንም እቆርጠዋለሁ፣ ጥፍሩንም እቆርጠዋለሁ፤ አንድ ሰዓት አለሽ" አለች በሹክሹክታ፤ ሌባ ያሰማራች ይመስል። ሮጬ ሱቅ ገባሁ፤ ሹራቡን ፍሬም ውስጥ እንደ ከበሮ ወጠርኩት፤ የለመድኩትን ሁለት ድርብ ከሥር አነጠፍኩ፤ ማሽኑን ለቀቅኩት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከፍሬሙ ሳወጣው ክቡ እንቁላል ሆኖ ነበር። ዳሩ ተኮማትሯል፤ የመቀሱ አንድ እግር ወደ ውስጥ ታጥፏል። ደጋፊውን ስቀደው ደግሞ የባሰውኑ ላላ።

"ተኮማተረብሽኮ" አለች እናቴ።

"ሲታጠብ ይለቃል።" ይህ የሙያችን ትልቁ ውሸት ነው።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሥሩን ብታዪው አይሻልም?"

"እማዬ፣ ሥራዬን አታስተምሪኝ" አልኳትና ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሹራቡን ሰጠኋት።

በማግስቱ ጠዋት ቤት ስገባ ሃያ ሁለት ሺው ስፌት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰማያዊው ክር ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ተከምሯል። ምላጩ በወረቀት ተጠቅልሎ ጎን ላይ ተቀምጧል። አባቴ ሹራቡን እንደለበሰ ሻይ ይጠጣል፤ ግራ ደረቱ ላይ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ።

"ለጠላፊዋ ንገሪያት" አለኝ ረጋ ብሎ። "ክብ ማለት እንቁላል ማለት አይደለም።"

ቆሽቴ አረረ። "አባዬ! እኔ ነኝ የጠለፍኩት! እኔ!"

"እንግዲያው ለራስሽ ንገሪ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እየሳቀች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገራል። እኔ ግን አልሳቅኩም። የዛሬ አሥር ዓመት ይህን ማሽን የገዛሁ ቀን አባቴን ጠርቼ ነበር። ቆሞ አየው፤ አየው፤ ከዚያ "ማሽኑ ይሠራል። አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎኝ ወጣ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እሱ የሰውን ሥራ ከቁም ነገር ሲቆጥር ልብሱን ገልብጦ ውስጡን ያያል፤ መልኩ ማንንም ያታልላል፣ ውስጡ ነው ሥራው፣ ይል ነበር። የእኔን አንድም ቀን ገልብጦ አያውቅም። ኮፍያም፣ ቱታም፣ ምንም።

ከዚያ የክር ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ የደጋፊ ጥቅል ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ነጋዴው ግን ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያለው።

"ወፍራሙን ውሰጂ። ይሄ በሬ ይጎትታል።"

"በሬ አይደለም የምጠልፈው፣ ሽማግሌ ነው።"

"ሽማግሌማ ከበሬ ይብሳል።"

ወንድሜም በስልክ ገባበት። "ወፍራም ነገር ጠንካራ ነው፤ ቀላል ነገር እኮ ነው" አለ፤ በሕይወቱ ቁልፍ ተክሎ የማያውቅ ሰው። እኔም ተናድጄ ስለነበር፣ ገላውን የሚታጠብበትን ቀን ጠብቄ ወፍራሙን፣ የማይቀደደውን፣ ሁለት ድርብ አድርጌ ቀኝ ደረቱ ላይ ጠለፍኩት። ክቡ ክብ ሆነ። ሹራቡን ግን ስታነሱት ምልክቱ ያለበት ቦታ አይታጠፍም፤ ሰሃን ሰፍተን የሰጠነው ይመስላል።

እናቴ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ዳሰሰችው። "ያሳክከዋል።"

"ደጋፊው ሲሳሳ ይኮማተራል፤ ሲወፍር ያሳክካል። ምን ላድርግ? እኔ ልግባና ከሥር ልደግፈው?"

"አልተናገርኩም" አለች። እናቴ አልተናገርኩም ስትል ተናግራለች ማለት ነው።

ሁለት ቀን ደረቱን ሲያሻሽ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢው ሊጠይቀው መጣና ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ በየመንገዱ "ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ" እያልኩ ስጮህ የማስበው ያን የሆስፒታል አልጋ ነበር። በመጨረሻ ያመጣው አንድ የዳቦ መኪና ሹፌር ነው። አባቴን ያገኘው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን በሹራቡ ውስጥ ከትቶ፣ ጥልፉን ከጀርባ ሲፈታ ነው። ከአሥሩ ቁጥር የቀሩት ሦስት ነበሩ።

"በሦስት ቁጥር ለማን ይደወላል?" አለኝ ሹፌሩ። "ትቻቸው ብሄድ ደግሞ ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። ይዣቸው ዳቦ ሳከፋፍል ዋልኩ። የመቀመጫዬን ልብስ ስፌት ሲሰድቡልኝ ዋሉ።"

እኛ ሰፈር ዳቦ ሊያወርድ ሲቆም ነው ባለሱቁ "ሚሊሜትር!" ብሎ የጮኸው። ያ ሹፌር ሌላ ሰፈር የሚያከፋፍል ቢሆንስ?

ማታ ገላውን ልናጥበው ሹራቡን ስናወልቀው ደረቱ ላይ መዳፍ የምታክል ቀይ ቁስል ነበረች፤ ደጋፊው የፈተገው፣ ከዚያ እሱ ያከከው። ክብ ነበረች። ፍጹም ክብ። ከእናቴ ፊት አለቀስኩ። አባቴን ከመጥፋት ላድነው ብዬ በገዛ እጄ አቆሰልኩት።

ወንድሜ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው "በሩን ማን ከፍቶ ተወው?" የሚል ነበር።

"አንተ!" አልኩት። "አንተ፣ አንተ፣ አንተ! ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፈው!" ስብሰባውን በትኜ ወጣሁ።

ቁስሉ እስኪድን አሥር ቀን ጠበቅን። በነዚያ ቀናት አባቴ የቀኙን ቀዳዳ ራሱ በመርፌ ጠቀመው፤ የት እንደነበረ ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም። የግራው ግን ሰፊ ስለሆነ አልደፈረውም። እኔም ከዚህ በኋላ አንድ ዕድል ብቻ እንዳለኝ አውቄአለሁ። ሹራቡ ላይ ጥልፉ ዳግም ከተፈታ ሌላ የሚጠለፍበት ጤነኛ ቦታ አይተርፈውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከምሳ በኋላ እናቴ ክንዱን ይዛ ሱቅ ድረስ አመጣችልኝ። "ውሰጂው፤ አንድ ሰዓት ልተኛ፤ አለበለዚያ እኔም እጠፋለሁ" ብላ ሄደች። በሩን ቆለፍኩና ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ያሉኝን የደጋፊ ዓይነቶች ሁሉ ከየመሳቢያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ቀጭን የሚቀደድ፣ ወፍራም የሚቀደድ፣ የሚቆረጥ፣ የሚተኮስ፣ የሚሟሟ። እያንዳንዱን አነሳለሁ፣ እረግማለሁ፣ እጥላለሁ።

"ዕቃ አይሰደብም" አለ አባቴ ከኋላዬ። መነሳቱን አልሰማሁትም።

"ዕቃው ከሰደበኝስ?"

ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ መሄድ ጀመሩ። እያንዳንዱን ቁራጭ አንስቶ በቁመቱ ጎተተው፤ በአግድሙ ጎተተው፤ በጡጫው ጨብጦ ለቀቀው፤ ከዚያ የክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ አሸው። በሬ የሚጎትተውን ሲያገኝ ፊቱን አኮማተረና በሁለት ጣት አንስቶ ወለል ላይ ጣለው። የሚቀደደውንም ጣለው። መጨረሻ ላይ አንድ ስስ፣ መረብ የሚመስል፣ ለሕፃናት ልብስ ካልሆነ ነክቼው የማላውቀውን ቁራጭ ጉንጩ ላይ አስደገፈው።

"ይሄ።"

"ይሄማ ስስ ነው ጋሼ" አልኩት። አባዬ ያላልኩት እሱ አንቺ ልጅ ስለሚለኝ ነው፤ ተናድጄም ነበር። "ሃያ ሁለት ሺህ ስፌት አይሸከምም።"

"አንድ ማን አለሽ? ሁለት አድርጊው። በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል ወይ ፍንክች። አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም አንጥፊው፤ የት ይሄዳል? ሃያ ሁለት ሺህ ግን ለምንድነው? ግድግዳ ነው የምትለስኚው?"

"ክሩ ሲቀንስ ሹራቡ በመሀል ይታያል። ጸጉሩ ይወጣል።"

"እሱን አንቺ እወቂ።"

እሱንስ አውቃለሁ። ከሚሟሟው ቁራጭ ቆረጥኩ፤ ይሄኛው ከሥር ሳይሆን ከላይ ሊነጠፍ ነው። ክሩ ሹራቡ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዝልኛል፤ እንደዚያ ከሆነ ሃያ ሁለት ሺህም አያስፈልገኝም። ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጬ ዲዛይኑን ወደ አሥራ አራት ሺህ አወረድኩት። ቀረ አንድ ነገር፤ ሹራቡ። ሰውነቱ ላይ ነው፤ አውልቅ ቢሉት አያወልቅም።

ወገቤን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። "ጋሼ፣ ቆይ። ግራው አንድ ሚሊሜትር ወርዷል። ያውልቁት።"

ደነገጠ። ወደ ታች አየ፤ የግራውን ጫፍ ሳብ አደረገ፤ አፍሮ አወለቀና ሰጠኝ።

ፍሬሙን አነሳሁና እንደ ልማዴ ሹራቡን ልወጥረው ስል እጄን መታኝ። እውነተኛ ምት ነው፤ ያማል።

"አትወጥሪው! የተወጠረ ሹራብ ይዋሻል። እዚያ ውስጥ እያለ ክብ ነኝ ይልሻል፤ ስትለቂው ጉዱ ይወጣል።"

"ካልወጠርኩት በምን ይያዛል?"

"ሥሩን ወጥሪ። እሱን ተዪው።"

ሁለቱን ስስ ደጋፊዎች በቁመትና በአግድም አድርጌ ወጠርኳቸው። ሹራቡን ሳልስበው ከላይ አሳረፍኩት፤ የግራው ቀዳዳ መሀል ላይ ዋለ፤ ዙሪያውን በረጃጅም ስፌት አያያዝኩት። ከላይ ስስ ላስቲክ የሚመስለውን የሚሟሟ ደጋፊ አለበስኩት።

"ላስቲክ ምን ይሠራል እዚህ?" አለ።

"እሱን እኔ ልወቅ ጋሼ።"

ማሽኑ ሲነሳ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ንዝረቱን አዳመጠ። ግማሽ ሰዓት አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ክቡ ክብ ነው፤ ከፍሬሙ ሳወጣውም ክብ ነው። እርጥብ ጨርቅ አነሳሁና ከላይ ያለውን ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። አባቴ ጎንበስ አለ።

"ላስቲኩ የት ሄደ?"

"ሟሟ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። "ይሄን አላውቅም ነበር" አለ። ከዚያ ሹራቡን ከእጄ ወሰደና ገለበጠው። በብርሃኑ አቅጣጫ ይዞ ውስጡን አየ፤ የተረፈውን ደጋፊ በጥፍሩ ነካካ፤ ጉንጩ ላይ አሸው። ትንፋሼን ይዤ ቆሜአለሁ። አርባ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ ትንፋሼን ይዣለሁ!

ለበሰው።

"እሺ፣ እንዴት ነው ጋሼ?"

"በርዶኛል፤ እንሂድ።"

ፍሬሙን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

ሳምንት አለፈ፤ አልፈታውም። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት። እናቴ በየማታው ደረቱን ገልጣ ታያለች፤ ምንም የለም። እኔ ግን አላመንኩም፤ በየጠዋቱ ጠረጴዛው ላይ የክር ክምር እፈልግ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሃምሳ ኮፍያ ተደርድሮ ሲጠብቀኝ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ልብስ ስፌት ቤት ነው?"

"ጥልፍ ቤት ነው። ማን ልበል?"

"ጸጉር አስተካካይ ነኝ። አንድ አባት እዚህ ተቀምጠው ደውልልኝ ብለውኝ ነው። ደረታቸው ላይ ያለው ቁጥር..."

ወንበሩን ገልብጬ ተነሳሁ። "አባቴ ናቸው! ጠፍተው ነው! እባክህ እንዳይወጡ ያዝልኝ!"

"ኧረ የጠፋ ሰው አይመስሉም። ሠራተኛ ልቀጥር ነው የሚሉት። ላገናኝሽ።"

መንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ የድሮው፣ የሱቁ ድምፅ።

"ሄሎ። ይሄን ጥልፍ የሠራሽው አንቺ ነሽ?"

"አባ... አዎ፣ እኔ ነኝ። የት ነዎት?"

"ጠያቂው እኔ ነኝ። ከሥር ምን አነጠፍሽ?"

"ስሱን። ሁለት አድርጌ፣ አንዱን በቁመት፣ አንዱን በአግድም።"

"ሹራቡን ወጥረሽዋል?"

"አልወጠርኩትም።"

"ማን ነገረሽ?"

"አንድ ባለሙያ።"

"ያስታውቃል" አለ። "ገልብጬ አይቼዋለሁ። ውስጡ ከላዩ አያንስም። እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሱቄ ውስጥ ሰው እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ነው የደወልኩት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጅ አለችኝ፤ እሷም ጠላፊ ናት። ግትር ናት እንጂ እጇ ከእኔ ይበልጣል። ማሽኗን ገዝታ ስታሳየኝ ቀናሁ መሰለኝ፤ የማይሆን ነገር ተናገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንዴት ብዬ ልመልሰው? እሷንማ ነይ ሥሪ ብዬ አልጠራትም፤ አፍራለሁ።"

ማሽኑ ከኋላዬ ኮፍያውን ጨርሶ ይጮሃል።

"ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም።"

"ታዲያ ሥራውን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም? እኔ ጊዜ የለኝም።"

"እፈልገዋለሁ ጋሼ።"

"እንግዲያው አሁኑኑ ነይ። መቀስሽን ይዘሽ ነይ፤ የእኔን አላበድርም።"

ጸጉር አስተካካዩ አቅጣጫውን ነገረኝ። ለእናቴ ደወልኩላት፤ በሩን ሳትቆልፍ እንቅልፍ ጥሏት ኖሯል፤ ለሰብሳቢው ሳልደውል እሱ ደወለ፤ "አስቸኳይ ስብሰባ..." ሲል ዘጋሁበት። በሩን ስቆልፍ ትዝ አለኝና ተመልሼ ገባሁ። መቀሴን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

ጸጉር ቤቱ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ስደርስ አባቴ መስታወት ፊት፣ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሹራቡ ደረቅ ነው፤ ሰማያዊው ክብ ደረቱ ላይ አለ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

"ዘገየሽ።"

"ይቅርታ ጋሼ። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

መቀሴን ተቀብሎ ጆሮው አጠገብ ከፍቶ ዘጋው፤ ድምፁን አዳመጠ፤ መለሰልኝ። ከዚያ ከወንበሩ ለመውረድ እጁን ዘረጋልኝ።

"ነገ ግን በሰዓቱ" አለ።

"በሰዓቱ" አልኩና ክንዱን ይዤ ወጣን።